ግራ እጄ ያየችው

የገጼ ስም «ትሑቱ አገልጋይ» ነው፤
አርባ ሺህ ተከታይ ወዶ የመረጠው።
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣
ዳቦ ይዤ ወጣሁ ለተራበ ልሰጥ።

ቀኝ እጄ ዘረጋች፣ ዳቦ አቀበለች፤
ግራ እጄ ግን ስልኩን ቀጥ አርጋ ይዛለች።
«ቀኝ የሠራችውን ግራ አትወቅ» ቢልም፣
የኔዋ ግራ አውቃ ዝም ብላ አትቀርም፤
ታቀርባለች፣ ታርቃለች፣ ብርሃን ታስተካክላለች፣
ተቀባዩ ካላለቀሰ «እንደገና» ትላለች።

እንደገና።
ዳቦውን ከእጁ ወስጄ እንደገና ሰጠሁት።
ያ ሽማግሌ፣ ርቦት፣
ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ ለአንድ ዳቦ፤
ስድስት ሺህ ሰው ወደደልኝ፣ ሳይነጋ ተሰብስቦ።

ጸሎተ ሐሙስ መጣ። ቄሱ ዝቅ ብለው እግር ሲያጥቡ፣
ስልኮች ከመቋሚያ በዝተው ሽቅብ ቆሙና ከበቡ።
ክንዴን ባረዝመው፣ በእግር ጣቴ ብቆም፣
ከስልክ ጀርባ ሌላ ስልክ እንጂ እግር አይታየኝም።
ተናድጄ ወጣሁ፤ ሆዴ ባዶ፣ ልቤ ሙሉ፣
ሌላ የሚቀረጽ ፍለጋ፣ ወደ ሆስፒታሉ።

እዚያ አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልነግራችሁም፤
ብነግራችሁ ታስሷታላችሁ፣ ሰላም አትሰጧትም።
ደመወዝ የላትም፣ ጋዋን የላትም፤
ጠያቂ ያጣውን ሁሉ በአልጋ ቁጥር ታውቃለች፣
«ምኑ ነሽ?» ሲሏት፣ «ጎረቤቱ» ትላለች።

ያን ዕለት የምታጥበው የአያ ይማምን እግር ነው፦
በኮምቦልቻ መጋዘን ሃያ ዓመት ስኳር ተሸክሞ፣
ዛሬ ስኳር የጣለው ሰው፣ በገዛ እግሩ ታሞ።
እሷ «በስመ አብ» ስትል በልቧ፣ እሱ «ቢስሚላህ» ይላል፤
ውሃው የሁለቱንም ሰምቶ ሳህኑ ውስጥ ይፈሳል።

ስልኬን አወጣሁ። ጦሳ ጉሙን ገልጦ ነበር፣
የመስኮቱ ብርሃን፣ ማርያምን፣ ልብ ይሰብር፤
ርእሱን እንኳ አስቤያለሁ፣ «ፍቅር ድንበር...» የሚል ነገር።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።
«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሳህን» አለች፣ «በአንድ እጅ አይያዝም።»

ያ ብቻ ነው ያለችው። ስብከት የለ፣ ጥቅስ የለ።
ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፤ እዚያው ሆኖ ነዘረ፣ ነዘረ፣ ቀጠለ።

ሳህኑን ያዝኩ። ከበደኝ።
ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ውሃው ክንዴን አራሰኝ፤
የቱ ቀኝ፣ የቱ ግራ እንደሆነ፣ እውነቴን ነው፣ ጠፋኝ።
አያ ይማም በደረቅ መዳፉ፣ እንደ ልጁ ቆጥሮ፣
«አብሽር» አለኝ፣ እኔን! እግሩ ማክሰኞ ሊቆረጥ ተቀጥሮ።

ተከታይ ስቆጥር መሽቶ ሲነጋብኝ፣
የምከተለው ከፊቴ እንደሌለ ማንም አልነገረኝ።
እሱ ፎጣ ታጥቆ ወርዶ ነበር ወደ እግር፤
እኔ ሽቅብ ስፈልገው፣ በስልኬ ቁመት ልክ፣ በአየር።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን እንዲህ አላለቀም፤
ወደ ሙጋድ ስመለስ፣ ሐፍረቱም ገና አልለቀቀኝም፣
«ዛሬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ» የሚል ጽሑፍ አማረኝ።
ጻፍኩት። አጠፋሁት። «ትሕትናን የተማርኩበት...»
ደግሞ አጠፋሁት።
ሰይጣን ከበር ቢባረር ልብሱን ቀይሮ ይመጣል፤
የትሕትናን ነጠላ አጣፍቶ ከፊት ይቀመጣል።
ስቅለት ዕለት ስሰግድ፣ ግንባሬ ድንጋይ ሲነካ፣
አንዷ ዓይኔ ማን እንዳየኝ ትፈልጋለች ለካ።

ረቡዕ ሄድኩ። አልጋው ተነጥፏል። «ወጥቷል» አሉኝ፤
ወዴት እንደወጣ አልነገሩኝ።
እሷ የሌላ ሰው እግር ታጥባለች። ሳህኑን አቀበለችኝ።

ይኸው ደግሞ ይህን በቀኝ እጄ ስጽፍ፣
ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ግራ እጄ ይዛለች።
ጌታ ሆይ፣ ይቅር በላት፤
የምታደርገውን ታውቃለችና።