በአንድ ተቃውሞ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ደክሞት ጭቃው ሲቀበል፣
አምስት ፎቅ ያለ ሊፍት፣ ውሃ በሳምንት አንዴ፣ እሱም «ከመጣ» በሚል፣
ስድስት ዓመት ሙሉ የብሎካችን ሊቀመንበር ነበርኩ፤
ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልዬ ከትራሴ ሥር ያሳደርኩ።

እሁድ ረፋድ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥላ፣
ነዋሪው የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ይወርዳል፣ ገሚሱ ቆሎ እየበላ፤
አጀንዳ አነባለሁ፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤
ሰዉ ልቡ ባልዲው ጋ ነው፤ ቧንቧ ላመሸ መች ይተርፋል?

እና ሁልጊዜ፣ ከኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣
አንድ እጅ።
የእማዋይሽ እጅ፤
የጡረተኛ ሂሳብ አስተማሪ፣ ጠመኔ የበላው ጣት፣
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ እስክሪብቶዋን በክር ያሰረችበት።

«ለፓምፑ ሌላ ዋጋ ያቀረበ ማን ነበረ?»
«የጥበቃው ደሞዝ አምና ስንት ነበር? ዘንድሮስ ለምን ጨመረ?»
«ደረሰኙስ?»

ጸሐፊያችን ውብአንተ ጥርሱን ነክሶ ይጽፋል፦
«በአንድ ተቃውሞ፣ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።»
ሁለቱ እነማን ናቸው ብትሉ፣ የምድር ቤቶቹ መንትዮች ናቸው፤
ምን እንደሚያስቡ ዛሬም አላውቅም።

ጠላኋት። እውነቱን ነው፣ ለግጥም ስል አልዋሽም፤
ደረጃ ላይ ሰላም ስትለኝ «ይመስገን» እላለሁ፣ ዓይኗን ግን አላይም።

አንዴማ በስብሰባ መሃል «የሰፈሩ ጠላት» አልኳት።
ደብተሯን አጠፈች።
«ጠላት ቢሆን በጨለማ ደረጃ ላይ ይጠብቅህ ነበር፤
እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ስሜን አስመዝግቤ፣ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁህ።
አይሆንም ያልኩት ዋጋውን ነው፤
የሰፈሩንማ መዋጮ ካንተ ቀድሜ ከፍያለሁ።»

በአንዱ ክረምት ልጇን ልታርስ አዳማ ወረደች።
ሦስት እሁድ፣ በሙሉ ድምፅ።
ሦስት እሁድ፣ ዐሥር ደቂቃ የማይሞላ ስብሰባ፤
ሁለተኛውን ፓምፕ የገዛነው ያኔ ነው፣ በሞቀ ጭብጨባ።
ቀለሙ ሲላጥ ዝገቱ ወጣ፤ የሻጩ ስልክ ዝግ ነው።
ፊርማው የእኔ ነው።
ጭብጨባውን አስታውሳለሁ፤ ደረሰኙን ግን አላስታውስም።
ከዚያ ወዲህ ማታ በቴሌቪዥን አዋጅ ሲጸድቅ ባየሁ ቁጥር
ዓይኔ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይፈልጋል፤
ሚስቴ «ምን ጠፋህ?» ትለኛለች።

መስከረም ላይ ምርጫ ሆነ፤ በአራት ድምፅ በለጠችኝ።
ማኅተሙን ከነካልሲው ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ቆጥራ ተቀበለችኝ፤
ለማኅተሙም ለካልሲውም ደረሰኝ ጻፈችልኝ።
ልወርድ ስል «ቆይ» አለች፤ ያንን ደብተር አመጣች።
«ግማሹ ባዶ ነው» አለች፣ «ከዚህ በኋላ ያንተ ነው።»

በመጀመሪያው እሁዷ አጀንዳው የጥበቃው ካፖርት፤ በነፍስ ወከፍ ሦስት መቶ ብር።
እጅ ወጣ፣ እንደ ጫካ።
እኔ ከገንዳው አጠገብ ነኝ፤ ዝንቡን አሁን ነው ያወቅሁት፤ ለካ!
አኩርፌ ይሁን አክብሬ፣ አፌን ያዝኩ።
ውብአንተ ብዕሩን ሲያነሳ አስቆመችው።
«ደረበ» አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ታመምክ እንዴ?
ስድስት ዓመት ጠበቅሁህ።
እኔንስ ማን ሊጠብቀኝ ነው?»

ተነሳሁ። ድምፄ ሻክሯል፤ ጥያቄዬም ጥያቄ አይባል፦
«የአዝራሩ ዋጋ… ለብቻ ነው ወይስ ከካፖርቱ ጋር ይታሰባል?»
አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ወረቀቷን ገለጠች፤
ሳታገኘው ቀረች፤ ላብ ሲያጠምቃት አየሁ፣ ደግማ ገለጠች።
መንትዮቹ ድምፃቸውን አቀቡ።

ያኔ ከላይ አንዲት ልጅ «ውሃ መጣ!» ብላ ጮኸች፤
ወንበር ወደቀ፣ ባልዲ ተንኳኳ፣ ጉባኤው በደረጃው ተመመ።
ጥላው ሥር እኔና እሷ ብቻ ቀረን፤
ውሃው እየሄደብን፣
ስለ አዝራር እየተከራከርን።