ችካል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ለካሁ፣
ሜትር እየዘረጋሁ ችካል እየመታሁ፤
ከደንበጫ ቆላ እስከ ቋሪት ደጋ፣
በሰው ድንበር መሀል ሲመሽም ሲነጋ።
ወንድምና ወንድም በአንድ ክንድ ሲጣሉ
እኔን ይጠራሉ፣ «ና ለካልን» እያሉ።
«ይኸ ያንተ፣ ያ የሱ» እያልሁ ስፈርድ ኖሬ፣
አንዲት እፍኝ እንኳን ሳልዘግን ካፈሬ።

ጡረታ ሲመጣ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣
ሁለት መቶ ካሬ፣ ካስፋልቱ በስተላይ፤
ሙጃ የወረሰው፣ ጠጠር የበዛበት፣
የጎረቤት ዶሮ የሚጫጫርበት።

ወረቀት አወጣሁ። እርሳሴን ቀረጽሁ።
አንድ ለመቶ አድርጌ ገነቴን አቀድሁ፦
እዚህ ጋ ጽጌረዳ፣ እዚያ ጋ ሣር ሜዳ፣
ለአቮካዶው ጥግ፣ ለድንቹ መደዳ፣
በመሀሉ መንገድ፣ እንደ ክር የቀና፣
የላህ ወንዝ ጠጠር የለበሰ ጎዳና።

ችግኝ ጣቢያ ሄጄ አቮካዶ ገዛሁ፤
«እንዴት ነው 'ሚተከል?» ማለቱን ግን ፈራሁ።
ባለ ሽበት ሰው ነኝ፤ ልጁ ሃያ አይሞላው፤
ጉድጓድ መማስ ጠፋኝ ብዬ እንዴት ልበለው?

ይታይሽ ጎረቤቴ፣ ባጥሩ አንገቷን ሰዳ፣
ወረቀቴን አየች እንደ አዲስ እንግዳ።
«ውሃውን ጠይቀኸው?» አለችኝ። ሳቅሁ።
ስንት ማሳ ስለካ ማንንም አልጠየቅሁ።

ሰኔ ጠየቀልኝ።

ያ የቀናው መንገድ፣ ያ የኔ ጎዳና፣
ቦይ ሆኖ አደረ፤ ጎርፉ ወደደና።
ድንቼን አሻገረው ወደ ይታይሽ ጓሮ፤
እዚያ በቅሎላታል፣ አብቧል ዘንድሮ።
ለሣር የዘራሁት ሙጃ ሆኖ ወጣ፤
ጽጌረዳው ደግሞ ሦስት ቅጠል ቢያወጣ
ሦስቱንም ፍየሏ በላችው። አልቆጣ፤
ፍየል ምን አጠፋች፣ ካርታ አልሰጠኋት፤
ያጥሬ ቀዳዳ ነው «ግቢ» ብሎ የጠራት።

አቮካዶው ብቻ ቆሟል፣ እንደ ዘበኛ፤
አያድግ፣ አይደርቅም፤ አይነቃ፣ አይተኛ።
ፍግ አለበስሁት። አመድ ጨመርሁበት።
ከግብርና ቢሮ ኖራ ለመንሁለት።
ኅዳር ላይ ሰለቸኝ። ዶማዬን አነሣሁ፣
ዙሪያውን ቆፍሬ በሁለት እጄ አወጣሁ —

ጥቁር ፕላስቲክ።

ከነከረጢቱ ቀብሬዋለሁ ለካ!
ሥሩ ዞሮ ዞሮ ራሱን ሲለካ፣
እንደ ሜትሬ ጥቅል ተጠምጥሞ ከርሟል፤
አንድ ጣት ሳይወጣ ክረምቱን አክርሟል።

በምላጭ ቀደድሁት። እጄ ይንቀጠቀጣል።
የይታይሽ ሳቅ ካጥር ወዲያ ይቆራረጣል።
«አይዞህ» አለች ቆይታ፣ «እኔም ያኔ፣ ድሮ፣
ነጭ ሽንኩርት ዘቅዝቄ ሞልቼ ነበር ጓሮ።»
ሥሩን ፈታሁለት፣ ጣት በጣት፣ በዝግታ፤
ጎርፉ ከማይደርስበት ፈለግሁ ሌላ ቦታ።

ከዚያ ወዲህ ካርታ መሣል ትቻለሁ።
ጠዋት ጠዋት በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ፤
ጥላ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ፤
የዶሮዋን መንገድ ለዶሮዋ ሰጥቻለሁ።

አንድ ነገር ልንገር፣ ትናንት ያየሁትን፦
ለመንገዴ ምልክት የተከልሁትን፣
ጎርፍ ያልነቀለውን፣ እኔ የረሳሁትን፣
በመዶሻ አናቱን የቀጠቀጥሁትን፣
ያን የኮርች ችካል —
ቅጠል አውጥቷል።
አውራ ጣት የሚያህል፣ ገና እርጥብ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ችካል መታሁ!
ከመታሁት ሁሉ አንድ ሲበቅል አላየሁ።
ወይ አንዱም አልበቀል፣ ወይ እኔ ቶሎ ሄድሁ።

ዛሬ ድንጋዮቹን አንድ ባንድ አንሥቼ
መንገዱን አጠፍሁት፣ ካጠገቡ ሸሽቼ።
እግሬ ግን ገና ነው፣ መታጠፍ አልለመደም፤
ማታ በጨለማ ያደናቅፈኛል አንዳንዴም።

«ይቅርታ» እለውና እዞራለሁ።