ሞተሩ ስንት ነበር?

ደብረ ዘይት ምልመላ በጆሮዬ ወደቅሁ፤
መብረሩን ቢነፍጉኝ የበረሩትን ጻፍሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በወረቀት አየር፣
ክንፍ ስለካ ኖርሁ፣ ቦምብ በኪሎ ስደምር።

ፈረንጅ አራዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ ዝናብ የምታስገባ፤
ተማሪዎቼ «ጄኔራል» ይሉኛል በሽሙጥ፣
አንድ ወታደር ያላዘዝሁ፣ ቁጥር ብቻ የማምጥ።

ለመጨረሻው ምዕራፍ ቦዬ ረግረግ ወረድሁ፤
ወይዘሮ ሲቲናን ጨፌ ስታጭድ አገኘሁ።
በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበረች።
«ሞተሩ ስንት ነበር? አንድ ወይስ ሦስት?
በጅሬን ነው የዞረው? ከፍታውስ በግምት?»
አልኋት፣ ቴፔን ከፍቼ፣ እርሳሴን ቀስሬ።

ማጭዷን አኖረች።
«ሞተሩን አላየሁም። ያየሁት ጥላ ነው፤
ከበቆሎው ገብቶ ላሟን የዘለለው።
የእናቴን ጀርባ ነካ፣ አዌቱን ተሻገረ፤
ድምፁ ከኋላው ደርሶ መንደሩን አሸበረ።
ከዚያ ወዲያ እናቴ፣ ደመና ባለፈ ቁጥር፣
እስክትሞት ድረስ ጎንበስ ትል ነበር።
አንተ የሰማይ ሰው፣ እስኪ ንገረን፣
ከዚያ ላይ ስንታይ ምን እንመስላለን?»

ቴፑ ዞረ፣ ዞረ፤
የቦዬ እንቁራሪት ድምፅ ብቻ ቀረ።

ማታ ቅጹን ሞላሁ።
«ከፍታ» ከሚለው ሥር
«ጎንበስ የሚያሰኝ» ብዬ ጻፍሁ በእርሳስ።
በሁለተኛው ሳምንት ከአርታኢው ተመለሰ፤
ከጎኑ በቀይ ቀለም፦
«በሜትር ይሁን።»