ሁለት አፍ፣ አንድ ምላስ

ድንኳኑ ውስጥ ሳለን፣ ለቅሶው ሞቅ እንዳለ፣
የዕድሩ አግዳሚ እግሩ ተነቀለ፤
ገንዘብ ያዡ ወድቀው፣ ደብተራቸው በርሮ፣
ስንቱ ሳቁን ዋጠ፣ ነጠላ ውስጥ ቀብሮ።

እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሰኞ ጧት በትከሻ፣ በእሪ በከንቱ ታች፣
ተሸክሜው ሄድኩኝ፣ ድልድዩ ጥግ ካለች
ከጋሽ ደጋጋ ቤት፤
በሯ ቁራጭ ፎርሚካ፣ ጣሪያዋ የዘይት ጣሳ፣
መጋዙ ዝም ሲል፣ ታክሲው ነው የሚያገሳ።

መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው አስረው፣
እግሩን አገላብጠው፣ በጥፍር መርምረው፣
ሚስማር ነቀሉለት። አንድ። ሁለት። አምስት። ዘጠኝ።
«ይህን የመታ ሰው፣ እንጨቱ ምን ቢበድለው ነው?» አሉኝ።
ዘጠነኛው ሲወጣ ጮኸ፣ እንደ አሮጌ በር።
ጣቶቼን ቆጠርኩኝ። ሌላ ምን ላደርግ ነበር?

«የድሮው ምላሱ፣ እግሩ ላይ የነበረው፣
ከሥሩ ተቆርጧል፤ የለም የሚያድነው።
ከራሱ ላውጣ ብል እግሩ ያጥርብኛል፣
አጭር እግር ደግሞ ሐዘንተኛ ይጥላል።
እንግዲህ ሁለቱንም አፍ እናርጋቸው፤
ምላሱን ከሌላ ዛፍ ቆርጠን እንስጣቸው።»

ከአቧራ ሥር ጎትተው ወይራ አወጡ፣ ቁራጭ፣
ከፈረሰ ቤት ደፍ፣ የስንት ዘመን ተቀማጭ።
እግሩንም መቀመጫውንም በመሮ ፈለፈሉ፤
«አንድ ክብሪት ይጥለቅ፣ ከዚያ በላይ ስስት ነው» አሉ።

ከዚያ መላጊያው። አንዴ መላግ፣ አንዴ መሞከር።
አንዴ መላግ፣ አንዴ መሞከር።
ቅርፊቱ እግሬ ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲከመር፣
«መስመሩ በቁሙ ይሂድ። ከሄደ አግድም፣
ብስኩት ነው፤ ብስኩት ደግሞ ሰው አይሸከምም።
በመዶሻ ከገባ ጠቧል፣ ይሰነጥቃል፤
በራሱ ከወደቀ ሰፍቷል፣ ይላወሳል፤
በአውራ ጣት ስትገፋው እፍ ብሎ ከገባ፣
ያ ነው ልኩ።»

ማዕዘኑን አለዘቡ። ጎንና ጎኑ ላይ ስስ ቦይ አወጡ።
«ኮላም እንደ ሰው ነው፣ መውጫ ሲያጣ ይገፋል፤
ቦይ ካልተውክለት የገባበትን ቤት ያፈርሳል።»

እኔ ወይራውን ይዤ፣ አየዋለሁ፦
የእግሩ አይደል፣ የመቀመጫው አይደል፣
ከማንም አልተወለደም፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሊያድር ነው።
«ሁለት ምላስ ያለው» ሲባል እሰማለሁ፣ ስለ ሰው ክፉ፤
እነዚህ ግን ሁለት አፍ ሆነው፣ በአንድ ምላስ ሊያርፉ።

«ኮላ ሳይነካው» አሉ፣ እርሳስ ከጆሯቸው አውርደው፣
«ጻፍበት።»
«ምን ብዬ?»
«የመታውን ሰው።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። ጻፍኩ። አላነበቡትም፤
ኮላ ቀቡት፣ ገፉት፤ እፍ አለ እንጂ ድምፅ የለም።
ያለቻቸው አንዲት ሞርሳ፣ የቀረው የብስክሌት ጎማ፣
ጠፍረው አሳደሩት፣ ከነስሜ፣ በጨለማ።

ስከፍላቸው የኮላውን ብቻ ተቀበሉ።
ዘጠኙን ሚስማር በወረቀት ጠቅልለው፣
«ያንተ ነው፣ ውሰደው» አሉ።

ቅዳሜ ሌላ ሞት፣ ሌላ ድንኳን፣ ያው ሰፈር።
አቶ ወንድይፍራው መጡ፤ ቆሙ አግዳሚው ዳር።
በመዳፋቸው ተጫኑት። ጎረቤታቸውን አዩ።
ሰው ሁሉ ስለ ሟች ደግነት ሲያወራ፣
እኔ ካስማው ሥር ቆሜ የማደምጠው እግር ነበር፦
ይህ አግዳሚ ከተሰበረ ስሜ ይነበባል፤
ካልተሰበረ ግን ማን ያውቀኛል፣ ማንስ ይጠይቃል?

ተቀመጡ።
መጀመሪያ በግማሽ፣ ኋላ በሙሉ ክብደታቸው።
ደብተራቸውን ገለጡ።

እንጨቱ አንዲት ቃል አልወጣውም።