ከአርባ አንድ በኋላ

ውኃ ማክሰኞ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ይንጠባጠባል ቧንቧው፣ እንደ ንፉግ ምጽዋት።
አምስት ቢጫ ጀሪካን ሥሩ ተኮለኮሉ፣
አንሺን፣ እቀፊን የሚሉ ሕፃናት መሰሉ።

ባሻ ወልዴ ግቢ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ።
ደረጃው ስልሳ አራት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ብዙ ነገር አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ።

በመስኮቱ ሽንቁር አራት ኪሎ ይታያል፤
አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ይበራል፤
የእኛ ደረጃ ግን አምፖሉ ከተቃጠለ
ሁለት ፋሲካ አልፎታል።

እንዲህ ነው የምወጣው፦
በቀኝ እጄ ጀሪካን፣ በግራዬ ብረቱን ይዤ በጨለማው፣
አንድ ደረጃ፣ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»።
ሁለት ደረጃ፣ ሁለት።
በአንጓ እንዳልቆጥር ነፃ ጣት የለኝም፤
በእግሬ ነው ጸሎት።

ላይ ቤት አባዬ አለ፤ ግራ እጁ አይሰማ፣
አንሶላው ረጥቦበት «ይቅር በይኝ» ሲለኝ
ቃሉ እየተቀማ።
ናሆም ፈተና አለው፤ ጫማው አፉን ከፍቷል፤
አባቱ በጅቡቲ መንገድ፣ መኪናው ተሰብሮ ሚሌ ላይ ቆሟል።
ባቄላው አልተለቀመ፣ ዩኒፎርሙ አልተተኮሰ፣
የመብራት ካርዱ ሊያልቅ ነው፤
ደመወዜ ደግሞ ገና ሳይመጣ ፈሰሰ።
ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤት መግባት፣
እኔው ራሴ ለሰው «ነገ ይመለሱ» የምልበት።

አልዋሽም፤ ጸሎቴ ጀሪካን አያቀልም፤
ሃያ ሊትር ሃያ ሊትር ነው፣ መልአክም አይቀንሰውም።
ግን ደረጃን ከደረጃ ይለይልኛል፤
ስልሳ አራቱ ባንዴ ሲናዱብኝ
አንዱን ብቻ ያሳየኛል።
«የዕለት» አይደል እንዴ የሚለው ጸሎቱ?
የሳምንት አላለ፣ የወር አላለ፤
ስንት እንደምንሸከም ያውቅ ኖሯል ከጥንቱ።

ችግሩ፣ አርባ አንድ ብሎ ነው የሚያልቀው።
ከሁለተኛው ፎቅ አልፎ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ፣
እዚያ ነው የሚጥለኝ፤ ትንፋሼን ስለቅመው።
ቀሪው ሃያ ሦስት ደረጃ ስም የለውም፤
ጥርስ ነክሶ ነው የሚወጣው፣ በቃል አይደለም።

ያለፈው ማክሰኞ፣ በአራተኛው ጀሪካን፣
አርባ አንደኛው ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ሲሚንቶ።
አንድም ቃል አልቀረኝ፣ ሁሉም ቃል ተበልቶ።
ተቆጣሁት እግዜርን፣
በሹክሹክታ፣ ጎረቤት እንዳይነቃ፦
«ቆጥረህ የሰጠኸኝ አልቋል፤
ከዚህ በላይ ያለው የማን ነው? በቃ!»

መልስ አልመጣም። የበዓታ ደወል ገና ነው፤
ከታች ቧንቧው ብቻ ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ቁልፍ ተንቋቋ፣ ሰንሰለት ወደቀ፤
ጠባብ ብርሃን በደረጃው ላይ ተሰነጠቀ።
ወይዘሮ ዘቢዳ፣ ለሱብሂ የተነሣች፣
በአንዲት ጣሳ ውኃ ውዱእ ያደረገች፣
ሰባት ደረጃ ወረደች በነጠላ ጫማ፣
ጉልበቷን እያሻሸች፣
ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ምንም ሳታሰማ።
የጀሪካኑን ጆሮ ከእጄ ጋር አብራ ያዘች፤
«ቢስሚላህ» አለች፣
ውኃውንም እኔንም አነሣች።

በእሷ ቃል ወጣናቸው፣ ስም ያልነበራቸውን ሃያ ሦስት፤
እሷ ቢስሚላህ፣ እኔ አሜን፣
እንደ ሁለት አሮጌ ሎንቺን እያቃሰትን በዳገት።

በሬ ላይ፣ «አንድ ይቀርሻል አይደል?» አለች፤
አዛኑ ጀምሮ ነበር፣
መልሴን ሳትጠብቅ ፈጠን ብላ ወረደች።

አባዬ ሲያስለው ሰማሁ። ባቄላው ዛሬም አልተለቀመም።
አምስተኛው ከታች ነው።
ሻሼን አጠበቅኩና ባዶ እጄን ተመለስኩ፤
መውረጃው አይቆጠርም።