አራተኛው ምስክር

ኮምቦልቻ ማዘጋጃ በር፣ ሒሳቤን ቆሜ ስጠብቅ፣
ይመር ከነከራባቱ ወጣ፣ ላብ አጥምቆት ሲስቅ።
«አንድ ምስክር ጎድሎናል፤ መታወቂያ ይዘሃል?»
«ይዣለሁ።» «በል ቶሎ ግባ፣ ባጃጅህ ይቆይሃል።»

እናቱ ቢስቲማ፣ አባቷ ከባሕር ወዲያ፤
ከሁለቱም ወገን የመጣች አንዲት እህቱ ሩቅያ፣
በፌስታል ጠቅልላ፣ ይዛ የወፍጮ መጅ፤
ዳቦ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ድንጋይ ነው እንጅ።

ፈርመን ደረጃው ሥር፣
ማሊኒ ክር አወጣች፣ በእርድ የተነከረ፤
ይመር ባንገቷ ዙሪያ አንዱን ቋጠሮ አሰረ፤
ሁለቱን ሩቅያ ጨረሰች፣ የባል እህት ነው ደንቡ፣
እጇ ቢንቀጠቀጥም ጠበቁ እንጂ አልረገቡ።
መጁ ላይ እግሯን አኖረች፣ ጫማዋን አውልቃ፤
«እንደሱ ጽኚ ማለት ነው» አለችን ራሷ ስቃ።

የቀረው እሳት ነበር፣ ሰባት ጊዜ የሚዞሩት።
ዘበኛው፦ «እዚህ ግቢ ውስጥ? ክብሪት እንዳትጭሩበት!»
«ግቡ» አልኩ፤ «ሞተሩም እኮ ሆዱ ውስጥ እሳት አለው፤
ደግሞስ ያገርሽ ልጅ አይደል? ሽማግሌሽ እሱ ነው።»

ሰባት ዞርኩ አደባባዩን፣ ትራፊኩ አፉን ከፍቶ፣
በአራተኛው ፊሽካ ነፋ፣ በአምስተኛው ተወን ሰልችቶ።
ሩቅያ እልል ልትል ብላ አፏን በሻርፕ አፈነች፤
አክስታቸው ማዶ ሱቅ በር ላይ ሽንኩርት እየመዘነች።

ሲወርዱ ይመር ጣቱን ቀሰረ ወደ ሰማይ፤
«ያቻት ኮከብ» አላት፣ በቀትር፣ ምንም ሳይታይ።
ደንቡ ነው፤ ባል ያሳያል፣ ሚስት «አየሁ» ትላለች።
ማሊኒ ዝም ብላ ቆማ ጣቱን ብቻ ታያለች።

ሒሳብ ረስተው ሄዱ። እኔም አላስታወስኩ።
ማታ ባጃጄን ሳጥብ፣ ቦርከና ዳር ቀና አልኩ፤
ኮከቡ መዓት፤
የትኛዋ እንደነበረች ግን አልጠየቅኩ።