ጉዳዩ፦ ስለ ጣቶቼ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከዋርካው ሥር፣ በዣንጥላ፣
የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ገጹ ሠላሳ ብር፣ ፎቶ ኮፒው ሌላ።
የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የተነዳ በሬ፤
ለራሴ ጽፌ አላውቅም፤ ሐሙስ ነው፣ ሥራ ቀዝቅዟል፣ ልጻፍ ዛሬ።

አመልካች፦ የሻረግ፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት፣
አድራሻ ሽምብጥ፣ ከጣና የአንድ ጥሪ ርቀት።
ተጠሪ፦ የገዛ ደሜ፣ መገጣጠሚያዬን ባዕድ ነህ ያለ፣
ከከሰሰው አካል ጋር በአንዲት ቆዳ ሥር የዋለ።

ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እንደ ደረቀ ደንገል፤
ታጠፉ ስላቸው የሚሰበሩ ይመስል።
ፀሐይ ዘንባባውን እስክታልፍ፣ እስኪደራ የባጃጅ ጫጫታ፣
እጄ የእኔ አይደለም፤ ክርክር ያለበት ይዞታ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስድስት ቢጫ ፍሬ፣
ሜቶትሬክሴት፤ አራት ዓመት በእሱ አድሬ
ብዕር ጨበጥሁ፣ ቀለበት አጠለቅሁ።
"ልጅ አማረኝ" ያልኋት ቀን ግን
ዶክተር ፌሩዛ መነጽሯን አወለቀች።
"ይህ ይታገዳል" አለች። "ለፅንስ አይራራም፤
ካቆምሽው ሦስት ወር ሳይሞላ እርግዝና አይታሰብም።
እኒህ ሁለቱ ግን ይቀጥሉ፤ ምስክር አለኝ ለነሱ፤
ሁሉንም ከጣልሽ በሽታው ይነግሣል፣ ፅንሱንም ይጎዳል እሱ።"
ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚን፦
ስማቸው እንደ ጠበቃ ንግግር የረዘመ፤
ፎሊክ አሲድ ደግሞ እንደ ችሎት ጸሐፊ ዝም ብሎ የቆመ።

አማቼ ጥላነሽ ከዘጌ በጀልባ መጣች፣
በዘንቢል ሎሚ ይዛ፤ ሎሚው ሳይወርድ ተቆጣች፦
"ሁሉንም ሐይቁ ውስጥ ጣይው! ማርገዝና ክኒን?"
አልመለስሁላትም። ሁለት ፅንስ ጨንግፎባታል፣ በዚያ መንደር፣ ያለ ሐኪም፤
ፍርሃቷን አከበርሁ፤ ምክሯን ግን አልወሰድሁም።

ዐሥራ ሦስት ሐሙስ ቆጠርሁ።
ጤናው የቀሚሴን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፀጉሬን አበጠረ፣
እኔ እየተናገርሁ ጻፈልኝ፤ "ክቡር ፍርድ ቤት"ን "ክበር" ብሎ አስቀረ።
ባለጉዳዩ ሳቀ። ሳቅን። ማታ አለቀስሁ።

ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ዕርቅ ወረደ።
እብጠቴ እንደ ግንቦት ሐይቅ ከዳር ዳሩ ጎደለ፣
ቀለበቴ ገባ። "ለሁሉም ሴት እንዲህ አይሆንም" አለች ዶክተሯ፣
"ላንቺ ሆነ፤ ተመስገን በይ፤ ክኒኑን ግን አታቋርጪ።"
በሰባተኛው ወር፣ ለወገቤ፣ ዳይክሎፌናክ ልገዛ ብሄድ
የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሆዴን አይቶ እጁን ሰበሰበ፦
"አሁን አይሆንም፤ የሕፃኑን የልብ ሥር ይነካል።"
ገና ጢም አላወጣም። መረቅሁት።

ተወለድሽ። በሦስተኛው ሳምንት በሽታው ይግባኝ አለ።
አንቺን ማንሣት አቃተኝ፤ አራት ኪሎ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ።
ጎረቤት "ወይ ጡቱ ወይ ክኒኑ" አለች፤ ወተቴን እንደ መርዝ አየሁት፤
ሌሊቱን ሙሉ አልቤ አልቤ ከደጅ ደፋሁት።
ጠዋት ስደውል ዶክተሯ ጮኸች፦ "ለምን ደፋሽው?
እነዚያ ሁለቱ፣ ፕሬድኒሶሎንም በትንሹ፣ ከጡት ጋር ይሄዳሉ።
ቢጫው ብቻ ጡት እስክትተው ድረስ እንደታገደ ይቆይ።
አጥቢያት፣ አሁን፣ ስልኩን ዝጊና።"

የዚያን ሌሊት ከደንገሉ መሐል ጉማሬ ያጓራል፤
ጤናው ትራስ ደራርቦ አንቺን ወደ ጡቴ ያነሣል፤
የእኔ ድርሻ ወተቱ ብቻ ነበር።
አንቺም ከዐሥሩ መካከል
በጣም የሚያመኝን ጣት መርጠሽ ጨበጥሽ።

እንዲወሰንልኝ የምጠይቀው፦
(ይህ ቦታ ባዶ ይቀመጥ፤ ገና አላወቅሁትም።)
ተያያዥ ማስረጃ፦ ከግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ የወተት ጠብታ።
ፊርማዬ ስለተንሻፈፈ ይቅርታ።